ምዕራፍ 7፦ የመመለሻ ሰዓት

እሑድ ቀን በካዛንቺስ በኩል የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ታወር ክሬኖቹን ይመልከት። ሥራ የለም፤ ኦፕሬተሩም ቤቱ ነው። ክሬኖቹ ግን ቀጥ ብለው አልቆሙም። ረጃጅም ክንዶቻቸው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል፤ ነፋሱ ሲቀየርም ቀስ እያሉ አብረውት ይዞራሉ። ይህን ያየ ሰው አንዳንዴ «ማን ሳይቆልፈው ሄደ?» ብሎ ይደነግጣል። የረሳው የለም። ኦፕሬተሩ ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ የማዞሪያውን ፍሬን ሆነ ብሎ ለቆት ነው የወረደው። ፍሬኑ ተይዞ ቢያድር ነፋሱ የክንዱን ሰፊ ጎን እየገፋ ምሰሶውን ሊጥለው ይችላል። ሲለቀቅ ግን ክንዱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዞርና የሚገፋው ስፍራ ጠባብ ይሆናል። ያ ሁሉ ብረት ከነፋስ ጋር ግብግብ እንዳይገጥም ተደርጎ ነው የተሠራው።

ይህ ምዕራፍ ግን ስለ ተራራ ነው። በብርድ ወቅት፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ጫፉ እየታየው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ስለሚያዞርበት ውሳኔ እንነጋገራለን። ክሬኑን ያመጣሁት ሁለቱም ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ስለሆነና ለአብዛኛው አንባቢ ከደባርቅ ተራሮች ይልቅ ካዛንቺስ ስለሚቀርበው ነው። በምዕራፍ 4 ሰው የባከነ ገንዘቡ እንደማይመለስ እያወቀ ለምን በላዩ ሌላ እንደሚጨምር አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሾፌር መድከሙን ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ መሆኑን ተመልክተናል። ተራራ ላይ እነዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ነፋስም ይጨመርባቸዋል።

የምዕራፉ ሐሳብ አንድ ነው። የመመለስ ውሳኔ ላይ ሆኖ አይወሰንም። የሚወሰነው ታች፣ ሆድ ሞልቶና ሰውነት ሞቆ ሳለ ነው፤ ላይ የሚቀረው መታዘዝ ብቻ ነው።

ሁለቱ መብራቶች

በክሬኑ አናት ላይ ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች በነፋስ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። የነፋስ መለኪያ ናቸው። ገመዱ ወደ ኦፕሬተሩ ክፍል ወርዶ ከአንድ ትንሽ ስክሪንና ከሁለት መብራት ጋር ይገናኛል። በብዙ ክሬኖች ላይ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ቢጫው፣ 72 ሲደርስ ቀዩ ይበራል። ቢጫው ተጠንቀቅ ማለት ነው፤ ቀዩ ሲበራ ሥራ ይቆማል። የሚነሣው ዕቃ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ቀዩ ሳይበራም ማቆም ያስፈልጋል።

72 እንግዳ ቁጥር ይመስላል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚለው ልክ ወደ ሰዓት ሲቀየር የሚመጣ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ልኩ ለምን እዚያ ላይ ተቆረጠ የሚለው ነው፤ መልሱም ነፋስ ጉልበቱን እንዴት እንደሚጨምር ካወቁ በኋላ ግልጽ ይሆናል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልግም። ፍጥነቱ ሲደገም በየሰከንዱ የሚመታን አየር ብዛት ይደገማል፤ ያ አየር የሚመታበት ፍጥነትም እንዲሁ ይደገማል። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው።

በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሳስቶ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። እንዲያም ሆኖ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳን 5 ኪሎ በሚጠጋ ክብደት ይገፋል። ነፋሱ 72 ሲሆን ግፊቱ 19 ኪሎ ይደርሳል፤ 108 ሲሆን ደግሞ 43 ኪሎ። ስድስት ካሬ ሜትር የሆነች የካሳፎርማ ሰሌዳ በገመድ ተንጠልጥላ እናስብ። በመጀመሪያው ነፋስ የሚገፋት ጉልበት 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰው ይዞ ያረጋጋታል። በሁለተኛው 115 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሊያረጋጋት የሞከረውን ሰው ይዛው ትሄዳለች።

ሰውን የሚያሳስተው መሀሉ ነው። ከ60 ወደ 72 መሄድ ጥቂት ጭማሪ ይመስላል፤ ግፊቱ ግን በግማሽ ሊጨምር ምንም አልቀረውም። ነፋስ ደግሞ ወጥ ሆኖ አይነፍስም፤ ፋታ ሰጥቶ ድንገት ይመታል። በካዛንቺስ ከሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። አደባባዩ ላይ ልብ ያላለው ነፋስ እዚያች ጠባብ ስፍራ ሲደርስ ነጠላ ገፎ ይወስዳል፤ ሰፊው አየር በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ መፍጠን አለበትና። ከፎቁ ፊት ለፊት የተላተመው ነፋስም የተወሰነው ክፍል ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። የተራራ በር፣ ማለትም በሁለት ጫፎች መሀል ያለው ዝቅ ያለ መተላለፊያ፣ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ቀዩ ሲበራ ፎርማኑና ኦፕሬተሩ በሬዲዮ የሚለዋወጡት ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

«አንተ ልጅ፣ አንዲት ካሳፎርማ ናት የቀረችው። እሷን አስቀምጥልንና ትወርዳለህ።»

«ጋሼ፣ ቀይ በርቷል።»

«አየሁት እኮ፤ አሁን ረገብ ይላል። ሚክሰሩ በር ላይ ቆሟል፣ ሲሚንቶው ሊደርቅብን ነው።»

«ጋሼ፣ እምቢ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ነገር ይዛለች። ወጣቱ በዕድሜም በሥልጣንም ከሚበልጠው ሰው ጋር መከራከር አላስፈለገውም። ቁጥሩን የቆረጠው ከዓመታት በፊት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያሰላ መሐንዲስ ነው፤ እሱ ጋ የሚጠብቅ ሚክሰር አልነበረም፣ የሚቆጣ ባለቤትም አልነበረም። ላይ ያለው ሰው መብራቱን አይቶ ይታዘዛል።

ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ግን ፎርማኑም ኦፕሬተሩም ራሱ ነው። «አንዲት ናት የቀረችው» የሚለውም «ቀይ በርቷል» የሚለውም ድምፅ ከአንድ ራስ ይወጣል፤ መብራቱንም ራሱ ሠርቶ ካልወጣ የሚያበራለት የለም።

ጥር ወር፣ ዴናሊ

የዚህ ጉዳይ ጥርት ያለ ምሳሌ ያለው ከእኛ አገር ርቆ፣ አላስካ ውስጥ ነው። ዴናሊ 6,190 ሜትር የሚደርስ የሰሜን አሜሪካ ከፍተኛ ተራራ ነው። በበጋቸው በየዓመቱ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። በጥር ግን ቀኑ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያህል ብቻ ይበራል፤ የቀረው ጨለማ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 እና 40 ዲግሪ መውረዱ የተለመደ ነው። አየሩም ከበጋው ይሳሳል፤ ወደ ምድር ዋልታ በተጠጉ ቁጥር፣ በተለይ በብርድ ወቅት፣ ከላያችን ያለው የአየር ክምር ስለሚቀንስ የተራራው ጫፍ ለሳንባ ከእውነተኛ ቁመቱ ከፍ ያለ ይሆንበታል።

ጃፓናዊው ናኦሚ ኡኤሙራ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1984 ብቻውን ጫፉ ላይ ወጣ። ዕለቱ 43ኛ የልደት ቀኑ ነበር። በማግስቱ በሬዲዮ ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልተመለሰም፣ አስከሬኑም እስካሁን አልተገኘም። ከዚያ በፊት ብቻውን ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዘ ሰው ነው፤ ልምድ አልጎደለውም።

ሎኒ ዱፕሬ የተባለ የሚኒሶታ ሰው ደግሞ ተራራውን ብቻውን፣ ያውም በጥር ለመውጣት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 እስከ 5,240 ሜትር ወጣ። ጫፉ ሊደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር ያነሰ ቀርቶት ሳለ ነፋሱ ያዘው። ድንኳን የማይቋቋመው ነፋስ ስለሆነ በረዶ ቆፍሮ፣ እንደ መቃብር ጠባብ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ቀናትን አሳለፈ። ነፋሱ አልረገበም፤ ስንቁና ነዳጁ ግን እያለቀ ነበር። ነዳጅ ካለቀ በረዶ ማቅለጥ አይቻልም፤ በረዶ ካልቀለጠ የሚጠጣ ውሃ የለም። ወረደ። በ2012 እንደገና ሞክሮ ወረደ፤ በ2013ም እንዲሁ። የተሳካለት በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 2015 ነው።

በጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ሰው ምን እያሰላ እንደነበር ለመረዳት ነፋስ ቅዝቃዜን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውነታችን ቆዳችንን ታክኮ ያለውን ስስ አየር ያሞቀዋል፤ ነፋስ በሌለበት ያ ስስ አየር እንደ ውስጥ ልብስ ሆኖ ያገለግላል። ነፋስ ይገፈውና ባዶውን ቆዳ ለአዲስ ቀዝቃዛ አየር ያጋልጠዋል። ፖል ሲፕል እና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በአንታርክቲካ የለኩት ውሃ የያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከምሰሶ ላይ ሰቅለው፣ ውሃው ስንት ደቂቃ ቆይቶ በረዶ እንደሚሆን በመቁጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በፈቃደኛ ሰዎች ፊት ላይ ተለክቶ የተሻሻለው ሠንጠረዥ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። በዚያ ሠንጠረዥ መሠረት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢጨመር ፊት የሚሰማው ከዜሮ በታች 50 ነው። በዚያ ብርድ የተጋለጠ ሥጋ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በረዶ ይሆናል። ጓንት አውልቆ የጫማ ማሰሪያ ማጥበቅ ጣት ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

የእኛው የስሜን ተራራ ይህን ያህል አይጨክንም፤ ቢሆንም ተንኮል አያጣም። ዜሮ ዲግሪ ላይ የ40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመር ፊት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ያህል ይሰማዋል። ይህ ለደረቅ ሰው ነው። በክረምት ወይም ከሰዓት በኋላ በሚወርደው በረዶ ልብሱ የራሰ ሰው የሚጠብቀው ከዚህ የባሰ ነው፤ እርጥበት የልብስን ሙቀት ያጠፋል፣ ነፋሱም እርጥበቱን ሲያደርቅ ከሰውነት ሙቀት ይሰርቃል። በእኛ ደጋ ብርድ ሰው ለመግደል ከዜሮ በታች መውረድ አያስፈልገውም።

ማን ነው የሚወስነው?

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ከዚያ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ወይም ዝም ይላል። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ማመዛዘን የሚደክመው ገና በመጀመሪያው ላይ፣ ሰውየው «ደህና ነኝ» በሚልበት ሰዓት ነው። የኦክስጅን እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ትንሽ ይበልጣል፤ ራስ ዳሸን ላይ ከግማሽ ብዙም አይርቅም፤ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲሶ ይሆናል። እጥረቱ የሚጎዳው መሣሪያ እጥረቱን ማወቅ የነበረበት አንጎል ራሱ መሆኑ ነው ችግሩ። ጓደኛ ቢኖር ሲደናቀፍ አይቶ «ና እንውረድ» ይለዋል። ብቻውን የሆነ ሰው መደናቀፉን ድንጋዩ ላይ ያሳብባል።

ስለዚህ ጫፉ አጠገብ ቆሞ «ልቀጥል ወይስ ልመለስ?» የሚለው ሰው ታች ዕቅዱን ያወጣው ሰው አይደለም። ስሙ አንድ ነው፤ ራሱ ግን ሌላ ነው። ይህን የተቀበሉ ተራራ ወጪዎች ለዚያ ለደከመው ሰው ጥያቄ አይተዉለትም፤ ትእዛዝ ይተዉለታል። ትእዛዙም የሚለካ መሆን አለበት። «ነፋሱ ከጠነከረ እመለሳለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ጠነከረ ወይ አልጠነከረም ብሎ የሚፈርደው ያው የደከመው ራስ ነውና። ሰዓት ግን ሰዓት ነው።

ሰዓቱ ሲላላ የሚሆነውን ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1996 ኤቨረስት ላይ ነው። ሰዎችን በክፍያ ተራራ የሚያወጣው ኒውዚላንዳዊ ሮብ ሆል የመመለሻ ሰዓት እንዲኖር አጥብቆ የሚያስተምር ሰው ነበር። ለዚያ ቀን ግን በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተነሥተው፣ የትኛው እንደሆነ ቁርጡ ሳይነገር ቀረ። ሁለት ቁጥር ያለው ልክ ልክ አይደለም። ከደንበኞቹ ሦስቱ መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ሲያዩ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሒሳባቸውን ሠርተው ተመለሱ፤ ተረፉም። ዳግ ሃንሰን የተባለው ደንበኛ ግን ጫፍ የደረሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሆልም እየጠበቀው ነበር። ማዕበሉ መጣ። ሁለቱም አልተመለሱም፤ በዚያ ማዕበል በተራራው ሁለት ወገን በድምሩ ስምንት ሰው ሞተ።

የምዕራፍ 4 ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሃንሰን በ1995ም ከዚሁ ከሆል ጋር ወጥቶ፣ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው በሰዓቱ ሕግ ተመልሶ ነበር። ሆል ያን ጊዜ ሕጉን አክብሯል። ያ መመለስ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ሆኖ ተቀመጠ፤ እንደገና አምጥቶት፣ እንደገና እዚያችው ደጃፍ ላይ ሲደርስ «ተመለስ» ማለት በእጥፍ ከበደ። በእኔ ግምት የመመለሻ ሰዓትን የሚፈትነው የመጀመሪያው ሙከራ አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። ዱፕሬን የማደንቀው በአራተኛው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ ሁለት መመለስ ተሸክሞ ሄዶ ሦስተኛውንም ስለተመለሰ ነው።

በ1996፣ በዚያው ኤቨረስት ላይ፣ ከአደጋው አንድ ሳምንት በፊት፣ ስዊድናዊው የራን ክሮፕ ብቻውን እየወጣ ነበር። ከስቶክሆልም በብስክሌት ተነሥቶ፣ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ፣ ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ ነው የመጣው። ግንቦት 3 ቀን ጫፉ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ሰዓቱን አየ። ቢቀጥል ይደርስ ነበር፤ መውረጃው ግን ጨለማ ይሆንበታል። ከአውሮፓ ጀምሮ ፔዳል የመታበትን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ ትቶ ወረደ። ግንቦት 23 ተመልሶ ወጥቶ ደረሰ።

ያልደረሰ አደጋ አይታይም

በትክክል የተመለሰ ሰው ማስረጃ የለውም። ኦፕሬተሩ በቀዩ አቆመ እንበል፤ ካሳፎርማዋ አልወደቀችም፣ ሰው አልተጎዳም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ረገበ። ፎርማኑ የሚያየው የባከነ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሌላው ኦፕሬተር ደግሞ መብራቱን ንቆ አነሣ፤ ዕድል ሆኖ ምንም አልሆነም፤ «ጎበዝ» ተባለ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚበረታታው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ተራራ ላይም ያው ነው። ጫፍ የደረሰ ሰው ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ የተመለሰው «ትንሽ ብትታገስ ኖሮ» የሚል ወሬ ይጠብቀዋል፤ ወሬውም አንዳንዴ እውነት ነው። ከተመለሱት ብዙዎቹ ቢቀጥሉ ኖሮ በሰላም ይደርሱ ነበር። ልኩ የሚቆረጠው ግን ለብዙዎቹ ሰላማዊ ቀናት አይደለም፤ ነገሩ ለሚበላሽባት ለአንዲቷ ቀን ነው። እሷ ደግሞ ጠዋት ስትነሣ ከሌሎቹ አትለይም።

አንዳንዴ ብቻ፣ በአሳዛኝ መንገድ፣ ሁለቱም ምርጫ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ይታያል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 1995 ከዓለም በከፍታ ሁለተኛ በሆነው ኬ2 ላይ ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ኤቨረስትን መጀመሪያ ከወጡት ሁለት ሰዎች የአንዱ የኤድመንድ ሂላሪ ልጅ ፒተር ሂላሪ ከሰሜን በኩል የሚመጣውን ደመና አይቶ አላማረውምና ተመለሰ። ሌሎቹ ቀጠሉ፤ ስድስቱ አመሻሹ ላይ ጫፍ ደረሱ። እንግሊዛዊቷ አሊሰን ሃርግሪቭስ አንዷ ነበረች። ሲወርዱ ነፋሱ መታቸው፤ ስድስቱም ሞቱ። ቀድሞ ከተመለሱት አንዱም በድካምና በብርድ ካምፕ ከደረሰ በኋላ አረፈ። መመለስ ዋስትና አለመሆኑን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም።

ከማታ ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር

አሁን ልኩ እንዴት እንደሚቆረጥ በእኛው ተራራ እንየው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉን የሚሞክር መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከጨነቅ በቧሂት በር ተሻግሮ፣ የመሸሃን ወንዝ አቋርጦ አምቢቆ ያድራል። አምቢቆ 3,200 ሜትር ላይ ነች። ስለዚህ በአንድ ቀን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ያንኑ መውረድ አለበት።

ጀማሪ ሒሳቡን ከመነሻው ይጀምራል፦ «ሌሊት 10 ሰዓት ብነሣ ስንት ሰዓት እደርሳለሁ?» ብሎ። ልምድ ያለው ከመጨረሻው ይጀምራል። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ካምፕ ከዚያ በፊት መግባት ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ለደህና ሰው አራት ሰዓት ይፈጅ። ጉልበት ቢጎዳ፣ ጭጋግ ቢወርድ፣ መንገድ ቢጠፋ ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ይያዝ። ከአሥራ ሁለት ስድስቱ ሲቀነስ ስድስት ሆነ፤ የመመለሻው ሰዓት ቀትር ነው። ደመናና በረዶ በብዛት የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይህ ቁጥር ከነፋሱም ጋር ይስማማል። ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሰው እስከ ቀትር ስምንት ሰዓት አለው፤ በወትሮው መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ያ ካልበቃው መንገዱ በሆነ ምክንያት የወትሮው አልነበረም ማለት ነው፤ እንደዚያ ያለውን ቀን ማራዘም ደግሞ ነገሩን አያሻሽለውም።

ከሰዓቱ ሌላ አንድ የነፋስ ልክ ይጨመራል። መለኪያ ላልያዘ ሰው አካሉ መለኪያ ነው። ነፋሱ ሲመታ ቆም ብለው በዘንግ ካልተደገፉ መራመድ ካልተቻለ፣ ያ በሜዳ ላይ ከሆነ መጠንቀቂያ ነው፤ ገደል ዳር ከሆነ ግን ቀይ ነው። ከላይ ያየነውን የግፊት ሕግ ያስታወሰ ሰው ትንሽ የበረታ ነፋስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አይጠፋውም። ራስ ዳሸን አናት ላይ የመጨረሻዎቹ ሜትሮች በእጅ ድንጋይ እየጨበጡ የሚወጡ ናቸው፤ ሁለቱም እጅ በተያዘበት ስፍራ በዘንግ መደገፍ የለም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብቻዬን ልሂድ የሚለውን ሰው አይፈቅድለትም። ደባርቅ ላይ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። ስካውቱ የተመደበው ለጥበቃ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ሌላ ጥቅም አለው፦ ከፍታውን ለምዶት ያደገ፣ የእንግዳውን እግር ከኋላ የሚያይ ሁለተኛ ራስ ነው። «ጌታው፣ ደመናው አላማረኝም» ቢል እንግዳው ቢቆጣም አይጎዳበትም። ስካውቱ፣ አስጎብኚውና የበቅሎው ባለቤት የሚከፈላቸው በቀን ነው፤ ጫፍ ቢደረስም ባይደረስም አበሉ ያው ነው። በ1996 ኤቨረስት ላይ የሆል ደንበኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው የመጡት ጫፉን ብለው ነበር፤ የድርጅቱ ስምም ስንት ሰው ጫፍ አደረሰ በሚለው ይመዘን ነበር።

ካዛንቺስ ላይ ወርሃዊ ደመወዝ የሚበላው የክሬን ኦፕሬተርና ካሳፎርማውን በቁርጥ የያዘው ተቋራጭ ያችኑ ቀይ መብራት በተለያየ ዓይን የሚያዩት ለዚህ ነው። አንዱ ግማሽ ቀን ቢቆም ከኪሱ አይወጣም፤ ሌላው ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር የቀን ሠራተኞቹን አበል ይቆጥራል። ክፍያው በተለወጠ ጊዜ የሰዎች ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚለወጥ ምዕራፍ 8 ላይ በጭነት መኪና ሾፌሮች እናየዋለን።